ፈቃዱ ያለፈበት ቤት፤ ልጁስ የማን ነው?

ሐምሌ በገባ ቁጥር የንግድ ፈቃድ ለማሳደስ የሚደረገው ሩጫ ለማናችንም አዲስ አይደለም። ግብሩን የከፈለ ክሊራንሱን ይዞ ይሰለፋል፤ ያልከፈለ ቀኑ እስኪያልፍ አንገቱን ደፍቶ ይቆያል። ቀኑ ያለፈበት ሱቅ አንድ ጠዋት ‹‹ታሽጓል›› የሚል ወረቀት ይለጠፍበታል። ባለሱቁ ይከስራል። ዕቃው ግን አይራብም፣ አያለቅስም፣ አይታመምም። ባለቤቱ ቅጣቱን ከፍሎ ማኅተሙ ሲነሳለት ስኳሩንም ሳሙናውንም እንደተወው ያገኘዋል።

ይኸው የማሳደስና የማሸግ ሥርዓት ሕፃናት ለሚኖሩበት ቤት ሲሆን ምን ይፈጠራል? ፈቃዱ አልፎበታል በተባለ የሕፃናት ማሳደጊያ በር ላይ ወረቀት ቢለጠፍ ውስጥ ያሉት ልጆች ወዴት ይሄዳሉ? ካልታሸገስ ፈቃድ በሌለው ቤት ማን በማን ሥልጣን ያሳድጋቸዋል? ጥያቄው የቢሮ ሠራተኞች ጣጣ ይመስላል። በእኔ እምነት ግን በሕፃናት ጥበቃ ሥርዓታችን ውስጥ እጅግ ከተዘነጉት ጥያቄዎች አንዱ ሲሆን፣ መልስ ባላገኘ ቁጥር የሚጎዳው ቢሮውም ማሳደጊያውም ሳይሆን ልጁ ነው።

በቅድሚያ ስለየትኛው ቤት እንደምንነጋገር እንለይ። አንደኛው በተለምዶ የሕፃናት ማሳደጊያ የምንለው፣ ብዙ ልጆች በቅጥር ተንከባካቢዎች የሚያድጉበት ተቋም ነው። ሁለተኛው ፈረንጆቹ ‹‹ፎስተር›› የሚሉት፣ በእኛ የመንግሥት ሰነዶች ‹‹የአደራ ቤተሰብ›› የተባለው ነው። የአደራ ቤተሰብ እንደ ጉዲፈቻ ልጁን የራሱ ልጅ አያደርገውም። ወላጁ እስኪገኝ፣ ዘመዱ እስኪረጋጋ ወይም ቋሚ ቤተሰብ እስኪገኝለት ድረስ ከቤቱ የሚያኖረው ነው። ቃሉን የመረጠው ሰው ግሩም አድርጎ መርጧል። ብድር ይከፈልና ያልቃል፤ አደራ ግን እስኪመለስ ድረስ በየቀኑ ይጠበቃል። ሁለቱም ቤቶች አንድ ጥያቄ ላይ ይገናኛሉ፦ መንግሥት የሌላ ሰው ልጅ በዚህ ቤት እንዲያድግ የፈቀደው በምን መስፈርት ነው? ፈቃዱንስ በየስንት ጊዜው ተመልሶ ይመረምረዋል?

እኔ ሕግ ስማር የቤተሰብ ሕጋችን ገና የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተለውጧል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከት በሚወሰድ እርምጃ የሕፃኑ ደህንነት ቅድሚያ እንዲሰጠው ያዛል። ለእጓለ ማውታን ደግሞ መንግሥት ልዩ ጥበቃ እንዲያደርግና ደህንነታቸውንና ትምህርታቸውን የሚያራምዱ ተቋማት እንዲመሠረቱ እንዲያበረታታ ያስገድዳል። በ1984 ዓ.ም. የተቀበልነው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 25፣ ለጥበቃ ሲባል ከቤተሰቡ ውጭ እንዲኖር የተደረገ ሕፃን አያያዙ በየጊዜው የመመርመር መብት እንዳለው ይናገራል። አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምሻው እዚህ ላይ ነው። በየጊዜው የመመርመር መብት የተሰጠው ለልጁ ነው። ፈቃድ ማደስ ማለት ተቋሙ ለመንግሥት የሚያቀርበው ልመና፣ መንግሥትም ለተቋሙ የሚቸረው ችሮታ አይደለም። መንግሥት ልጁን ዳግም አይቶ ‹‹አሁንም ደህና ነህ ወይ?›› ብሎ የሚጠይቅበት ቀን ነው።

የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 በአንቀጽ 192 የመንግሥትም ሆነ የግል የሕፃናት ማሳደጊያ በእጁ ያለን ልጅ ለጉዲፈቻ መስጠት እንደሚችል ይደነግጋል። ይህን ከማድረጉ በፊትም ስለ ልጁ ማንነትና ወደ ድርጅቱ እንዴት እንደመጣ ለሚመለከተው የመንግሥት አካል በቂ መረጃ እንዲሰጥ ያስገድደዋል። የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 79 የፌዴራሉን ፈለግ የተከተለ የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል። እንግዲህ ሕጉ ለማሳደጊያው የሰጠው ሥልጣን ቀላል አይደለም፤ የአንድ ልጅ አባትና እናት ማን እንደሚሆኑ በሚወሰንበት ጉዳይ ፈራሚ ያደርገዋል። ፈቃዱ ያለፈበት ማሳደጊያ ይህን ፊርማ ሲፈርም ፊርማው ምን ዋጋ አለው? ሕጉ በቀጥታ አይመልስም፤ መልሱን ለጠበቃና ለዳኛ ክርክር ትቶታል።

ዝርዝሩ የሚገኘው በ2001 ዓ.ም. የያኔው የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴር ባወጣው የአማራጭ የሕፃናት ድጋፍና እንክብካቤ መመሪያ ውስጥ ነው። መመሪያው ልጅን በማኅበረሰቡ ውስጥ መርዳትን፣ ከቤተሰቡ ጋር መልሶ ማቀላቀልን፣ የአደራ ቤተሰብን፣ ጉዲፈቻንና በተቋም ማሳደግን በአንድነት ይዟል። ተቋም የመጨረሻ አማራጭ መሆን እንዳለበትም ያስቀምጣል። ከእሱ በኋላም የአደራ ቤተሰብንና የአገር ውስጥ ጉዲፈቻን የሚመለከቱ ሰነዶች ተከትለዋል። ችግሩ መመሪያ መመሪያ መሆኑ ነው። ያለፈቃድ ሕፃናትን ሰብስቦ በተገኘ፣ ወይም የእድሳት ጥያቄ መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ ባስቀመጠ ሹም ላይ ቅጣት ለመጣል አዋጅ ያስፈልጋል።

ሌላው ችግር መሥሪያ ቤቱ ራሱ ነው። ጉዳዩ ድሮ በሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ሥር ነበር፤ ከዚያ ወደ ሴቶች ጉዳይ ሄደ። ቀጥሎ የሴቶች፣ ሕፃናትና ወጣቶች ጉዳይ ተባለ፤ ደግሞ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ፤ እንደገና የሴቶች፣ ሕፃናትና ወጣቶች፤ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ሆኗል። ክልሎችም በየጊዜው ተከትለዋል። ስም በተቀየረ ቁጥር ማኅተም ይቀየራል፣ ቅጽ ይቀየራል፣ መዝገብ ቤቱ ይዛወራል፣ ባለሙያውም ሌላ ወንበር ይሰጠዋል። ባለጉዳዩ ግን ያው ነው፤ አምና ያስገባውን ማመልከቻ ዘንድሮ በአዲስ ቅጽ እንዲያመጣ ይነገረዋል።

በሁለት ፈቃዶች መካከል ያለው መደባለቅም መታወቅ አለበት። በቀድሞው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 ማንኛውም ድርጅት ፈቃዱን በየሦስት ዓመቱ ማሳደስ ነበረበት። ያ አዋጅ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ተተክቷል፤ በየሦስት ዓመቱ ማሳደስም ቀርቶ ዓመታዊ ሪፖርት ማቅረብ ተተክቷል። እሰየው የሚያሰኝ ለውጥ ነው። ይሁን እንጂ አንዳንድ የድርጅት ኃላፊዎች ከዚህ ተነስተው ‹‹እድሳት የሚባል ነገር ቀርቷል›› ወደሚል ድምዳሜ ሲደርሱ አጋጥሞኛል። አልቀረም። ድርጅቱ በሕግ ፊት ሰው ሆኖ መመዝገቡ አንድ ነገር ነው፤ የሰው ልጅ ከቤቱ ለማኖር ብቁ ነው መባሉ ሌላ ነገር ነው። ሐኪም ቤት የከፈተ ባለሀብት የንግድ ምዝገባው ስላለው ብቻ ቀዶ ሕክምና መስጠት እንደማይችል ሁሉ፣ የተመዘገበ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅትም በምዝገባው ብቻ ማሳደጊያ መክፈት አይችልም።

ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ወረቀት

ፈቃድ ወረቀት ብቻ ሲሆን ምን እንደሚያመጣ ለማየት ከአገራችን የጉዲፈቻ ዘመን የበለጠ ትምህርት ቤት የለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ አሜሪካ ብቻ በጉዲፈቻ የሄዱት ኢትዮጵያውያን ሕፃናት ከ2,500 በላይ ነበሩ። በዚያ ዘመን ማሳደጊያ መክፈት እንደ አሸን ፈላ። በማርች 2011 መንግሥት በቀን የሚያያቸውን የጉዲፈቻ ጉዳዮች ከአምስት እንዳይበልጡ ወሰነ፤ በርካታ ማሳደጊያዎችም ተዘጉ። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ የአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት ኢንተርናሽናል አዶፕሽን ጋይድስ በተባለ ድርጅት ሠራተኞች ላይ የመሠረተውን ክስ ይፋ አደረገ። በኋላም ጥፋታቸውን ያመኑ ነበሩ። የክሱ ፍሬ ነገር ለእኛ ርዕስ የተሠራ ይመስላል፦ ልጆቹ አንድም ቀን ባላደሩባቸው ማሳደጊያዎች ስም የጉዲፈቻ ውል ይፈረም ነበር፤ ማሳደጊያዎቹም ለፊርማቸው ይከፈላቸው ነበር።

እስቲ ልብ እንበል። እነዚህ ቤቶች ይሸጡት የነበረው እንክብካቤ አልነበረም፤ ልጁን አይተውት አያውቁምና። የሚሸጡት የመፈረም ሥልጣናቸውን ነው። ሥልጣኑን ያገኙት ደግሞ ከፈቃዳቸው ነው። በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ አንድ ባለሙያ በሩን አንኳኩቶ ‹‹በመዝገባችሁ ላይ ያሉትን ልጆች በአካል አሳዩኝ›› ቢል ኖሮ ወረቀቱና ቤቱ አለመገናኘታቸው በአንድ ጠዋት ይታወቅ ነበር። ቁጥጥሩ የተጠናከረው ነገሩ በዓለም ፊት ከተነገረ በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ። በመጨረሻ በ2010 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1070 የውጭ አገር ጉዲፈቻ ራሱ ተከለከለ።

ክልከላው ትክክል ነበር አልነበረም የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን ላቆየው። ለዛሬው ነገር የሚጠቅመው ውጤቱ ነው። የውጭ በር ሲዘጋ ልጆቹ እዚሁ ቀሩ፤ ለማሳደጊያዎች ይመጣ የነበረው የውጭ ገንዘብም አብሮ ሳሳ። እንግዲህ የቀረን የአገር ውስጥ ጉዲፈቻ፣ ዘመድና የአደራ ቤተሰብ ነው። ድሮ ጥቂት መቶ ተቋማትን መመርመር ያቃተው መዋቅር ወደፊት በየመንደሩ የተበተኑ ብዙ ሺህ ቤቶችን መመርመር ይጠበቅበታል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚነሳ ተቃውሞ አለ። ‹‹ክብርት ዶክተር አበበች ጎበና በ1972 ዓ.ም. ግሸን ማርያም ተሳልመው ሲመለሱ ከረሃብ ያተረፏቸውን ሁለት ሕፃናት ወደ አዲስ አበባ ይዘው ሲመጡ የፈቃድ ወረቀት ነበራቸው ወይ?›› ይባላል። አልነበራቸውም። በዓመት ውስጥ ልጆቹ 21 ሲደርሱም በእጃቸው የነበረው ርኅራኄያቸው ነው። እዳዬ በ2013 ዓ.ም. ሲያርፉ ግን ትተውት የሄዱት ሕጋዊ ሰውነት ያለው፣ ከእሳቸው ዕድሜ ባሻገር የሚቆም ተቋም ነው። ፈቃድ ለመጀመሪያዋ ሌሊት አያስፈልግም፤ የሚሞት ልጅ ሲያዩ ማንሳት የማንም ሰው መብትና ግዴታ ነው። የሚያስፈልገው ለሁለተኛው ዓመት ነው። ደግሞም ልጅ የሚሰበስብ ሁሉ እዳዬን አይደለም።

ኮሶዬ ላይ ቢሆንስ?

ነገሩን ከአዲስ አበባ እናውጣው። ከጎንደር ከተማ ወደ ደባርቅ ሲወጡ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሄዱ ኮሶዬ ይገኛል፤ ወገራ ወረዳ፣ ከአምባጊዮርጊስ ወዲህ። ጎብኚዎች ከገደሉ ጫፍ ቆመው ቆላውን ቁልቁል የሚያዩበት፣ ጭላዳ የሚግጥበት፣ ከሰዓት በኋላ ብርዱ አጥንት የሚገባበት አገር ነው። አስፋልቱ ዳር ላለ ሰው ጎንደር ቅርብ ናት። ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ጎጦቹ ለሚገባ ግን መጓጓዣው እግር ነው።

ይህ መንገድ ባለፉት ዓመታት ያየው ቀላል አይደለም። ወደ ሰሜን ሲቀጥሉ በደባት ወረዳ ጭና ላይ በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ በሰላማዊ ሰዎች ላይ የጅምላ ግድያ ተፈጽሟል። የሰሜኑ ጦርነት ቆመ ሲባል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ክልሉ ራሱ የግጭት ሜዳ ሆነ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ልጆች ወላጅ ያጣሉ፤ የሚያነሳቸውም ብዙውን ጊዜ ማሳደጊያ ሳይሆን ጎረቤት ነው። ጦርነት ባይኖርም እንዲሁ ነው፤ የጡት ልጅ የሚባል ልማድ ያለው ሕዝብ ልጅ ማንሳትን ከመመሪያ አልተማረም።

እንደ ሕግ ትምህርት ቤት ልማድ አንድ የታሰበ ጉዳይ እናንሳ። ኮሶዬ አካባቢ አንዲት ገበሬ ሴት የሟች እህቷን ሁለት ልጆች ወስዳለች እንበል። ከዚያ ደግሞ ከሰሜን ከተፈናቃዮች ጋር የመጣ፣ ዘመዱ ያልታወቀ የሰባት ዓመት ልጅ በቀበሌው ሊቀ መንበር ቃል ‹‹ለጊዜው አንቺ ዘንድ ይቆይ›› ተብሎ ተሰጥቷታል። በሕግ ዓይን አንድ ምድጃ ዙሪያ ሁለት ዓይነት ልጆች ተቀምጠዋል። ለእህቷ ልጆች የቤተሰብ ሕጉ አያቶችን፣ አካለ መጠን የደረሱ ወንድምና እህቶችን፣ ከዚያም አክስትና አጎትን በአሳዳሪነትና በሞግዚትነት ስለሚጠራ፣ አያቶች ከሌሉ መብቷ ከዝምድናዋ ይመነጫል። ፈቃድ አያስፈልጋትም፤ የሚያስፈልጋት የፍርድ ቤት ማረጋገጫ ነው። ለሦስተኛው ልጅ ግን እሷ የአደራ ቤተሰብ ናት። ቤቷ ሊታይ፣ ጤናዋና ኑሮዋ ሊጠና፣ የልጁን ወላጆች የማፈላለጉ ሥራ በሌላ ወገን ሊቀጥል፣ ስምምነት ሊፈረምና ባለሙያ ሊከታተላት ይገባል። ከዓመት በኋላም አንድ ሰው ተመልሶ መጥቶ ማየት አለበት። ካልመጣ ‹‹ለጊዜው›› የተባለው ልጅ እዚያው ያድጋል። ምናልባት እንደ ልጇ አድርጋ ታሳድገዋለች። ምናልባትም ሌሎቹ ትምህርት ቤት ሲውሉ እሱ ከብት ጠባቂ ሆኖ ይቀራል። ከአስፋልቱ ዳር ቆሞ የትኛው እንደሆነ ማወቅ አይቻልም።

ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ይህ የምርመራ መዝገብ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ የሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 በጥቅምት 2000 ዓ.ም. የሰጠው ታዋቂ ውሳኔ ያሳያል። አክስት ናት ልጁን ያሳደገችው። ለዓመታት ከልጁ ርቆ የነበረው አባት መጥቶ አሳዳሪው እኔ ነኝ አለ፤ የቤተሰብ ሕጉ ፊደልም ከእሱ ጋር ነበር። ችሎቱ ግን ሕገ መንግሥቱንና የሕፃናት መብቶች ስምምነትን ጠቅሶ የልጁ ጥቅም ይቀድማል በማለት ለአክስቲቱ ፈረደ። ዳኞች እንዲህ ለመፍረድ ልጁ በተግባር እንዴት እየኖረ እንደሆነ ማወቅ ነበረባቸው። በየዓመቱ የታየና የተጻፈ ፋይል ያለው ልጅ ፍርድ ቤት ሲቀርብ የሚናገርለት ሰነድ አለው። ሌላው ልጅ በጎረቤት ምስክር ላይ ይንጠለጠላል።

እድሳቱ ሲዘገይ በተግባር ምን እንደሚደርስ አንድ ያየሁትን ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ አነስተኛ ማሳደጊያ ኃላፊ ምክር ሊጠይቁኝ መጡ፤ ከተማውንም ቢሮውንም አልጠቅስም። ፈቃዳቸው ከማለፉ ከአንድ ወር በፊት ማመልከቻ አስገብተዋል፤ ቀን ያለበት የገቢ ቁጥር ይዘዋል። ሰባት ወር አልፏል። የመጀመሪያው ባለሙያ ተዛውሯል፣ ሁለተኛው መኪና የለም ብሏል፣ ሦስተኛው ቅጹ ተቀይሯል ብሏል። በዚህ መሃል ለጋሹ የታደሰ ፈቃድ ካልመጣ ገንዘብ አልልክም ብሎ ሁለት ወር አስቀርቷል። የከፋው ግን ይህ አልነበረም። አንዲት ልጅ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋት ነበር። ሆስፒታሉ የአሳዳሪዋን ፊርማ ጠየቀ። ማሳደጊያው ደብዳቤ ጻፈ፤ ሆስፒታሉ ከደብዳቤው ጋር የተያያዘውን ፈቃድ አይቶ ‹‹ይኼ እኮ አልፎበታል›› አለ። ሆስፒታሉን አልወቅስም፤ ሕጋዊ አማካሪው ብሆን እኔም ይህንኑ እል ነበር። በመጨረሻ ወረዳው በልዩ ደብዳቤ ፈረመና ልጅቷ ታከመች። ኃላፊው የነገሩኝ አንድ ነገር ግን እስካሁን አይረሳኝም፦ በእነዚያ ሰባት ወራት ውስጥ ከመንግሥት ወገን አንድም ሰው ወደ ግቢው አልገባም። ወረቀቱም አልታደሰም፣ ልጆቹም አልታዩም።

ታዲያ ቢሮ ዝም ሲል ሕግ ምን ይበል? አንዳንድ የኢንቨስትመንት ሰዎች ‹‹በተወሰነ ቀን መልስ ካልተሰጠ እንደተፈቀደ ይቆጠር›› የሚል መፍትሔ ይወዳሉ። ለሲሚንቶ ፋብሪካ ይሠራ ይሆናል። ለሕፃናት ቤት ግን አደገኛ ነው፤ ማንም ያላየው ቤት በቢሮው ስንፍና ብቁ ይባላልና። ዝምታን እንደ ክልከላ መቁጠርም ልጆቹን ያለ ፈራሚ ማስቀረት ነው። ሦስተኛ መንገድ አለ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንድ አጭር ድንጋጌ ይዟል። ቀጣይነት ያለው ሥራ የሚሠራ ባለፈቃድ በወቅቱና በተሟላ መልኩ የእድሳት ማመልከቻ ካስገባ፣ መሥሪያ ቤቱ የመጨረሻ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ አሮጌው ፈቃድ አያልፍበትም ይላል። ይህ ድንጋጌ ለፌዴራል ፈቃዶች የተጻፈ ነው፤ የሕፃናት ቤት ፈቃድ እዚያ የክፍላተ አገራት ሥራ ነው። ሐሳቡ ግን ለእኛ ይጠቅማል። በወቅቱ ያመለከተ አይቀጣም፤ ያላመለከተ ግን ይጠየቃል። የመዘግየቱ ዋጋ ባዘገየው ወገን ላይ ይወድቃል።

ለሕፃናት ግን ይህ ብቻውን አይበቃም። ፈቃዱ እየቀጠለ ጉብኝቱ ካልተደረገ ቢሮው እንቅልፉን ይቀጥላል። እንግሊዞች ቀኑን ከወረቀቱ አንስተው ከጉብኝቱ ጋር አስረውታል። አንድ የአደራ ቤተሰብ አንዴ ብቁ ከተባለ ወረቀቱ የሚሞትበት ቀን የለም፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ፣ ከዚያም ቢያንስ በየዓመቱ ብቁነቱ ዳግም መታየት አለበት። እኔ የማስበው ድቅል ሥርዓት ነው፦ በወቅቱ ላመለከተ ቤት አሮጌው ፈቃድ ይቀጥል፤ ቢሮው ግን ማመልከቻው በገባ በተወሰኑ ቀናት ውስጥ ቤቱን በአካል የማየት ግዴታ ይኑርበት፤ ልጅ ላይ አደጋ ካለ ደግሞ ቀን ሳይጠበቅ ዛሬውኑ ይዝጋ፣ ልጆቹ የሚሄዱበት ቦታ ተዘጋጅቶ።

ይህን የሚያስገድድ ሕግ የለንም ወይ የሚል አንባቢ ይኖራል። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የአስተዳደር መሥሪያ ቤቶች ውሳኔያቸውን በምክንያት እንዲሰጡና ባለጉዳዩም በፍርድ ቤት እንዲያስከልስ በር ከፍቷል። መልካም አዋጅ ነው። ነገር ግን ስሙ እንደሚለው የፌዴራል ተቋማትን የሚገዛ ነው። የሕፃናቱ ቤቶች የሚታዩትና የሚታደሱት በክልል ቢሮና በወረዳ ጽሕፈት ቤት ነው። አምባጊዮርጊስ ላይ ያለ ባለሙያ በዚህ አዋጅ አይጠየቅም። ድንጋጌው መግባት ያለበት የክልሉ ምክር ቤት በሚያወጣው አዋጅ ውስጥ ነው።

መስፈርቱን በተመለከተም አንድ ነገር ልጨምር። መስፈርት ጠበቅ ሲል ጥሩ ይመስለናል። ኮሶዬ ላይ ‹‹ለእያንዳንዱ ልጅ የተለየ ክፍል›› ብንል ግን አንድም ቤት አናገኝም፤ ልጁ ወደ ጎንደር ጎዳና ወይም ወደ ተቋም ይሄዳል። አሜሪካኖቹ ይህን ዘግይተው አውቀውታል። እዚያ የፌዴራል መንግሥቱ ለአደራ ቤተሰብ ድጋፍ የሚከፍለው ቤቱ ፈቃድ ካለው ነው። አያትና አክስት ደግሞ ለባዕድ በተጻፈ መስፈርት እየወደቁ ያለ ድጋፍ ሲያሳድጉ ኖሩ። በሴፕቴምበር 2023 በወጣ ደንብ ክፍላተ አገራቱ ለዘመድ ቤቶች የተለየ፣ የቀለለ መስፈርት እንዲያወጡ ተፈቀደላቸው። ለእኛ ደጋ መስፈርቱ ጥቂት ሆኖ ቢታይ ይሻላል፦ ልጁ ሌሊት ከብርድ የሚጠብቀው ነገር አለው? የሚበላው ከቤቱ ልጆች ጋር ነው? ትምህርት ቤት ስሙ አለ፣ ይገኛልስ? ክትባቱን ወስዷል? ብቻውን ሲጠየቅ ምን ይላል? የመጨረሻዋን ጥያቄ ቅጾች ብዙ ጊዜ ይዘሏታል። እኔ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል እሷን እመርጣለሁ፤ ለዚህ ደግሞ ልጁን ከአሳዳሪዋ ለይቶ የሚያነጋግር፣ ልጅ ማነጋገር የሠለጠነ ባለሙያ ያስፈልጋል።

ቀኑም ይታሰብበት። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ፈቃዶቻችን ሁሉ በሐምሌ ዙሪያ ይከማቻሉ። በሐምሌ ወገራ ጭጋግና ዝናብ ናት። ጎጦቹ ጭቃ ናቸው፣ ወንዞቹ ይሞላሉ፣ ባለሙያውም ቢሮው ተቀምጦ በስልክ ‹‹ደህና ናችሁ?›› ብሎ ቅጹን የሚሞላበት ወቅት ነው። ትምህርት ቤትም ዝግ ስለሆነ ልጁ ይማር አይማር አይታወቅም። የደጋው የአደራ ቤቶች እድሳት ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ቢሆን መንገዱ ደርቋል፣ የትምህርት ቤት መዝገብ ተከፍቷል፣ እህሉም ገብቷል፤ በጎተራው ያለውንም የሌለውንም ማየት ይቻላል። የወረዳው ባለሙያ የሚያስፈልገው ጥቂት የውሎ አበል፣ አምባጊዮርጊስ ላይ የሚከራይ ሞተር ብስክሌት፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ሁለት ሰዓት በእግር ነው።